የተቀበረው አውራ ዶሮና የጦርነት ፊልም እውነት

አያቴ የአውራ ዶሮ ጩኸት አትወድም ነበር። ጎረቤላ ላይ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል የየደጁ ዶሮ ይቀባበላል፤ ሌላው ሰው ጋቢውን ስቦ ሲገላበጥ እሷ ተነስታ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «የጣልያን ጊዜ ነገር ነው ልጄ» አለችኝ። ከአንኮበር ቁልቁል በሚወርደው ገደል ሥር ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ተደብቃ ነበር። ከቤት ሲወጡ ካንጠለጠሉት ጥቂት ነገር አንዱ ለፋሲካ የታሰበ አውራ ዶሮ ነው። የጣልያን ወታደርና ባንዳው ከበላያቸው ባለው መንገድ ሲመላለስ ይሰማቸዋል። ዶሮው ከጮኸ ያሉበት ይታወቃል። እናቷ በጨለማ አንገቱን ቆለመመችው። ሁዳዴ ነበርና የሚበላ አልሆነም፤ ጉድጓድ ምሰው ቀበሩት። «ላባውን እንኳ አልነጨነው» ትል ነበር አያቴ፣ በዚያ ዘመን ካየችው መከራ ሁሉ ይህ የበለጠ እንደሚያስቆጫት።

ይህ ታሪክ ባለፈው ክረምት ተመልሶ መጣብኝ። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተያይበት ምሽት፣ የአጎቴ ልጅ ቤት ተሰብስበን በላፕቶፕ አንድ የሶቪየት ፊልም አየን። ስሙ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 የተወሰደ ነው፤ «ና እይ» ብንለው ያስኬዳል። ሲያልቅ የተናገረ ሰው አልነበረም። የተቀዳው ቡና በየሲኒው ቀዝቅዟል። ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእውነት ነው ወይስ ፊልም ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ምሽት የሰጠሁት መልስ እኔኑ አላረካኝም። ዛሬ በሰፊው ልመልስለት።

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ኤሌም ክሊሞቭ ነው። ታሪኩ በጀርመን ወረራ ጊዜ በቤላሩስ የሚሆን ነው። ፍሎሪያ የሚባል ልጅ ከአሸዋ ውስጥ ጠመንጃ ቆፍሮ አውጥቶ ሽምቅ ተዋጊዎችን ሊቀላቀል ይሄዳል። ጀግና ሊሆን ነው የሄደው። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚወስደው ፊልም ግን አንድም የጀግንነት ሥራ ሲሠራ አናየውም፤ የምናየው የልጅ ፊት ቀስ በቀስ የሽማግሌ ፊት ሲሆን ነው።

አንድ ትዕይንት ላይ ላቁም። ፍሎሪያ ግላሻ ከምትባል ልጅ ጋር ወደ መንደሩ ይመለሳል። ቤቱ ውስጥ እናቱም ትንንሽ እህቶቹም የሉም። ሾርባው ምድጃው ውስጥ ገና አልቀዘቀዘም። ልጁ አውጥቶ ይበላል። ወለሉ ላይ የእህቶቹ አሻንጉሊቶች ተጋድመዋል። ዝንብ ቤቱን ሞልቶታል። ከዝንቡ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ወዲያው «የት እንዳሉ አውቃለሁ» ብሎ ሮጦ ይወጣል። ግላሻ እየተከተለችው አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ስትል፣ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለውን የመንደሩን ሰው ሬሳ ታያለች። ካሜራው እዚያ ላይ አይቆይም። እሷ ያየችበትን ያህል፣ ለቅጽበት፣ እኛም አይተን እናልፋለን። ልጁ አላየም። ተመልካቹ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ ልጁ የማያውቀውን ሞት እኛ ተሸክመን እንከተለዋለን።

የዚህ ትዕይንት ኃይል ያለው በሬሳው ክምር ላይ አይመስለኝም። ያልቀዘቀዘው ሾርባና ዝንቡ ናቸው የሚገድሉት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያስበውም፤ ያየ ሰው ነው የሚናገረው። አያቴ ስለ ዶሮው እንደተናገረችው ማለት ነው።

ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ከክሊሞቭ ጋር የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው አሌስ አዳሞቪች በልጅነቱ ራሱ የቤላሩስ ሽምቅ ተዋጊ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ከያንካ ብሪልና ከኡላዚሚር ካሌስኒክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴፕ ሪከርደር ይዞ በተቃጠሉት መንደሮች እየዞረ ከእሳት የተረፉ ሰዎችን አናግሯል። ከ300 በላይ ሰዎች መሰከሩላቸው። አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች። ከዚያ ድምፅ መጽሐፍ ወጣ፤ ከመጽሐፉም ፊልሙ ሥጋ ለበሰ። ፊልሙ ውስጥ ሕዝቡ ጎተራ ውስጥ ተዘግቶበት የሚቃጠልበት መንደር አንድን መንደር ብቻ አይወክልም። ለምሳሌ ኻቲን የምትባለው መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1943 ከ149 ሰው ጋር ተቃጥላለች፤ 75ቱ ልጆች ናቸው። በፊልሙ መጨረሻ የሚወጣው ጽሑፍ ከነሕዝባቸው የተቃጠሉት የቤላሩስ መንደሮች 628 መሆናቸውን ይናገራል።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጥይቱን ነው። እውነተኛ ጥይት ከተዋናዮቹ ራስ በላይ ተተኩሷል፤ በሌሊት ሜዳ ላይ ስትወድቅ የምናያት ላምም በእውነት ነው የሞተችው። ቀረጻው ዘጠኝ ወር ፈጅቷል፤ ትዕይንቶቹም በታሪኩ ቅደም ተከተል ነው የተቀረጹት፤ ዋናው ተዋናይ አሌክሴይ ክራቭቼንኮ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ይህ ሁሉ ለብዙዎች የእውነተኝነት ማስረጃ ነው። እኔ ግን የፊልሙን እውነት ከጥይቱ አልፈልገውም። ልጅ ባለበት ቦታ እውነተኛ ጥይት መተኮስ ስህተት ነው፤ ላሟም ባትሞት ፊልሙ የሚጎድለው ነገር አልነበረም። በቴፕ የተቀዳው የገበሬ ሴቶች ድምፅ ባይኖር ግን ፊልሙ ራሱ አይኖርም ነበር።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳይ ሌላ የሩሲያ ፊልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «የፓንፊሎቭ 28ቱ»። አልባሳቱ፣ ታንኩ፣ ምሽጉ፣ በረዶው ሁሉ ተጠንቶ የተሠራ ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1941 ሞስኮ ዳርቻ ላይ 28 ወታደሮች የጀርመን ታንኮችን አቁመው ሁሉም ወደቁ የሚል ነው። የሩሲያ መንግሥት ቤተ መዛግብት ዳይሬክተር የነበሩት ሰርጌይ ሚሮኔንኮ ግን ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በ2015 አንድ የቆየ ሰነድ ይፋ አደረጉ። በ1948 የሶቪየት ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መርምሮ፣ የ28ቱ ታሪክ በዚያ መልኩ እንዳልተፈጸመና የጋዜጣ ፈጠራ እንደሆነ ደምድሞ ነበር። ሞስኮ ዳርቻ ላይ ብዙ ሰው ተዋግቶ ሞቷል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። የባህል ሚኒስትሩ ግን በሰነዱ ተቆጡ፤ ሚሮኔንኮም በዓመቱ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ፊልሙ ወጣ፤ ተመልካችም አገኘ። ቁልፉና ማዕረጉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ታሪኩ ውሸት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ እኛ ስመጣ የማስበው ይህን ነው። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር በመድረክና በቴሌቪዥን የምናየው አርበኛ ጋቢው የነጣ፣ ጎፈሬው የተበጠረ፣ ፉከራው የተሰደረ ነው። አይርበውም። ቅማል የለበትም። ተቅማጥ አይዘውም። ጣልያኑ በተሰባበረ አማርኛ ይጮኻል። ባንዳው ደግሞ ገና ሲገባ በሳቁ ይታወቃል። በእርግጥ የሠሩት ሰዎች በፍቅርና በአነስተኛ ገንዘብ ነው የሠሩት፤ ድካማቸውን አላቃልልም። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ በመንዝ፣ በቡልጋ፣ በአንኮበር ገደላገደል ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የከረመ ሰው ይህን ቢያይ ራሱን አያገኘውም።

በተለይ የባንዳው ነገር። የሩሲያና የቤላሩስ ጸሐፊዎችና የፊልም ሰዎች ከሁሉ በላይ የደፈሩት እዚህ ላይ ነው። ላሪሳ ሼፒትኮ እ.ኤ.አ. በ1977 የሠራችው «አቀበት» ከቫሲል ቢኮቭ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሁለት ሽምቅ ተዋጊዎች ለጓዶቻቸው እህል ፍለጋ በበረዶ ይወጣሉ፤ ይያዛሉ። ደካማውና በሽተኛው እስከ ስቅላት ይጸናል። ጠንካራው፣ ጓደኛውን በበረዶ ላይ እየጎተተ ያዳነው፣ ነፍሱን ሊያተርፍ ለጠላት ፖሊስ ያድራል። መጀመሪያ ላይ የምንወደው እሱን ነው። ፊልሙ በሙሮም አካባቢ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ነው የተቀረጸው፤ የተዋናዮቹ ፊት ላይ ያለው ብርድ ትወና አይደለም። በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ አሸነፈ። ሼፒትኮ የክሊሞቭ ሚስት ነበረች፤ በ1979 በመኪና አደጋ ሞተች።

አሌክሴይ ጌርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በሠራው ፊልም የባሰውን ነካ። ለጀርመን አድሮ የነበረ የሶቪየት ወታደር ተመልሶ ወደ ወገኖቹ ይመጣል፤ እመኑኝ ይላል። ይታመን? ፊልሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ድልድይ ሊፈነዳ ተዘጋጅቶ ሳለ ከሥሩ የሶቪየት ምርኮኞችን ያጨቀ ጀልባ ያልፋል፤ በዝምታ፣ ፊት በፊት ላይ ተደራርቦ። ምርኮኛ መሆን ራሱ እንደ ክህደት በሚቆጠርበት አገር ይህ ምስል ብቻውን ወንጀል ነበር። ፊልሙ 15 ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

የኻቲንን ነገር እዚህ ላይ መጨረስ አለብኝ። መንደሯን ካቃጠሉት ብዙዎቹ ጀርመኖች ሳይሆኑ ለጀርመን ያደሩ የሶቪየት ተወላጆች ነበሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ግሪጎሪ ቫሱራ እ.ኤ.አ. በ1986 ሚንስክ ላይ ሲፈረድበት ችሎቱ ለሕዝብ አልተነገረም። በዚያው ወቅት ሰው «ና እይ»ን በሲኒማ ቤት እያየ ነበር።

እኛም እንዲሁ ነን። ከድል በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለጣልያን ያደሩ ሰዎች በሹመት ላይ ሲቀመጡ ብዙ አርበኞች ሲያጉረመርሙ ኖረዋል። አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በቀብርና በሠርግ ዳር ይነገራል፤ በፊልም ግን አይታይም። ባንዳው የማን አጎት እንደነበር፣ ርሃብ ይሁን ቂም ወይም የመሬት ክርክር እንደወሰደው፣ ሌሊት ለአርበኛ መረጃ ቀን ለጣልያን እንቁላል የሚያቀብል እንደነበረ የሚያሳይ ትዕይንት ጻፉልኝ፤ ስለ ጦርነቱ ከመቶ ፉከራ የበለጠ ይነግረኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ከኻቲን አራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባል ስፍራ፣ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የራስ አበበ አረጋይ ጦር ወገኖች ተጠልለው ነበር፤ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ልጆች፣ ከነከብታቸው። የጣልያን ጦር ዋሻውን ከበበ። በጠመንጃ አልበገር ሲሉት የሰናፍጭ ጋዝና ሌላ የመርዝ ጥይት ተጠቀመ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ገደል አፋፍ ላይ ተረሸኑ። የሞቱት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሺህ በላይ የሚያደርሱም አሉ። ጊዜው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ባሕረ ሐሳቡን ሳሰላው ሚያዝያ 1 ቀን 1931 የትንሣኤ እሑድ ሆኖ አገኘሁት። የሁዳዴ ጾም የተፈታበት ዕለት! ማንም የፊልም ጸሐፊ ይህን ቢፈጥረው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ዘረት ለውጭው ዓለም የታወቀው በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ የጦር ሰነድ ውስጥ ያገኘውን ተከትሎ ዋሻውን ሊያይ ሲመጣ ነው። በኋላም የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻውን አጠኑት፤ ከሰው አጥንት ጋር የእህል ማስቀመጫ፣ የተሰበረ ሸክላና የጥይት ቀለህ ተገኝቷል። የተሰበረው ሸክላ ለእኔ እንደ ፍሎሪያ እናት ሾርባ ነው። አንዲት ሴት ሽሽት ስትወጣ እንስራና ድስት መርጣ ተሸክማ ገብታለች፤ ልትኖርበት እንጂ ልትሞትበት አልገባችም። የአካባቢው ሰው ደግሞ ነገሩን ከተመራማሪዎቹ በፊት ያውቀዋል። ለእሱ ዘረት የተገኘ ነገር ሳይሆን ያልተረሳ ነገር ነው።

ሰነድ ብቻ ለምን እንደማይበቃ ከደብረ ሊባኖስ እንማር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣልያን እንደራሴ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የተረሸኑትን የገዳሙን መነኮሳትና አብረዋቸው የተያዙትን፣ ቀጥሎም ደብረ ብርሃን አጠገብ እንግጫ ላይ የተረሸኑትን 129 ዲያቆናት ቆጥሮ ድምሩን 449 አድርሶታል። ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሕይወት የነበሩ ምስክሮችን ጠይቆ፣ መቃብሮቹንም አይቶ፣ ቁጥሩን ከ1,400 በላይ አድርሶታል፤ እስከ ሁለት ሺህም ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ገዳዩ የጻፈውን ብቻ ይዞ የሚሠራ ፊልም በወረቀት ደረጃ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሺህ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎችን ግን ዳግመኛ ይቀብራል። የጣልያን መንግሥትም ቢሆን ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ከ60 ዓመት በኋላ።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ እውነትም ነው። ግን «አቀበት» በጥቂት ፊቶችና በበረዶ ነው የቆመው። ሞስኮ የፊልም ትምህርት የተማረው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1988 «የቲያሮይ ካምፕ»ን ከቲየርኖ ፋቲ ሶው ጋር ሠርቷል። ለፈረንሳይ ተዋግተው ደመወዛቸውን የጠየቁ አፍሪካውያን ወታደሮች በ1944 በፈረንሳይ ጦር የተገደሉበትን ታሪክ ነው የሚያሳየው። ሴምቤን ራሱ የዚያ ዘመን ወታደር ነበር። የእኛው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ከግዳጅ ምልመላ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁ የገጠር ልጆችን አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል የመጀመሪያውን ሽልማት አግኝቷል። እነዚያ ልጆች እንዴት እንደሚያድሩ ስናይ «ፊልም ነው» አላልንም። መቻሉ ታይቷል።

የሚያሳዝነው ጦርነታችንን ሌሎች እየቀረጹልን መኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ቭላዲሚር ዬሹሪንና ቦሪስ ጼይትሊን የተባሉ ሁለት የሶቪየት የካሜራ ባለሙያዎች አገራችን ድረስ መጥተው የወረራውን ጦርነት ቀርጸው «አቢሲኒያ» የሚል ዘጋቢ ፊልም አውጥተዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። በፊልማቸው ላይ የምናያቸው ኢትዮጵያውያን ግን ስም የላቸውም።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ እንዳይመስል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ያሉ ተፈናቃዮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ያልቀዘቀዘ ወጥ፣ የራሳቸው የተቀበረ ዶሮ አላቸው። በስልካችን የሚዞረው ቪዲዮ ጩኸትና ሬሳ ያሳያል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ደቂቃ እናትየው ምን እያደረገች እንደነበር ግን አያሳይም። ያንን የሚያውቀው ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፤ መናገር ይችላል። በጣልያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ግን ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግተዋል ወይም አልፈዋል። የቤላሩስ ጸሐፊዎች ቴፕ ይዘው ሲነሱ ከጦርነቱ 30 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። እኛ ከዘረት 85 ዓመት አልፎናል።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ መልሴ ይህ ነው፤ ያየኸው ፊልም ነው፣ ግን ከ300 ሰው አፍ የተቀዳ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በየክረምቱ ተማሪዎቹን ስልክና ደብተር ይዘው ወደ ዘረት፣ ወደ እንግጫ፣ ወደ አንኮበር ቀበሌዎች ቢልካቸው የሚያስፈልገው የመኪና ነዳጅና ቀለብ ነው። አንተም ሳትላክ መጀመር ትችላለህ። በጎረቤትህ ያሉ አዛውንት ዘንድ ሂድና ስለ ጀግንነቱ አትጠይቃቸው፤ ምን ይዘው እንደወጡ፣ ምን እንደበሉ፣ ማን ባንዳ እንደሆነና ለምን እንደሆነ፣ ሌሊቱን ምን እንደሰሙ ጠይቃቸው። የቦታውን ስምና ቀኑን ጻፍ። እኔ አያቴ የተደበቀችበትን ገደል ስም ሳልጠይቃት ነው የሞተችው።